«ተገድጄ ነው» ብሎ መከራከር፦ መቼ ይሰራል፣ መቼ አይሰራም፣ እንዴት ይቀርባል

«ወድጄ አይደለም ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተገድጄ ነው»። ወንጀል ችሎት ገብቶ አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው ይቺን ነገር በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይሰማታል፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ሰውየው እውነቱን ነው፣ ግን እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም ዳኛው የሚፈልገው «ተገደድኩ» የሚለውን ቃል ሳይሆን ማን አስገደደህ፣ በምን አስገደደህ፣ ሌላ መውጫ ነበረህ ወይ፣ ከዛስ ስትለቀቅ ምን አደረግክ የሚለውን ነው። እነዚህን መመለስ የቻለ ሰው ነፃ ሊወጣ ወይ ቅጣቱ በጣም ሊቀንስለት ይችላል። መመለስ ያልቻለ ግን እውነቱን ይዞ ወህኒ ይወርዳል፣ ይሄ ነው የሚያሳዝነው።

እዚህ የምጽፈው በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ላይ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሰራበት። ከሱ በፊት የነበረውን የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊስ ፕሮፌሰር ናቸው፣ የመገደድና የችግር ሁኔታ አንቀጾቹም ብዙ ሳይለወጡ ነው ወደ አዲሱ የተሻገሩት፣ ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ ብታገኙም ሐሳቡ ይጠቅማችኋል፣ የአንቀጽ ቁጥሩን ግን ከድሮው አትውሰዱ ይለያያል። ደሞ ይሄ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም፣ ጠበቃ ጋር ስትሄዱ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ጠበቃ እስክታገኙ ድረስ ምን ማድረግ እንደሌለባችሁ ለማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ስራ የገጠማችሁን ነገር ቦታ ቦታ ማስያዝ ነው። በሕጉ ውስጥ «ተገደድኩ» የሚባለው ነገር አንድ አይደለም። አንደኛው ሰው በጉልበት ወይ በማስፈራራት ሲያስገድዳችሁ ነው፣ እሱ አንቀጽ 71 እና 72 ውስጥ ነው ያለው። ሁለተኛው አለቃ ሲያዝ ነው፣ 73 እና 74። ሦስተኛው ማንም ሳያስገድዳችሁ ሁኔታው ራሱ ሲያስገድዳችሁ ነው፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ ሰው እየሞተ፣ እሱ የችግር ሁኔታ ይባላል፣ 75 እና 76 ነው። አጥቂ መጥቶባችሁ ራሳችሁን ከተከላከላችሁ ደሞ ከነዚህ ሁሉ ውጪ ነው፣ ሕጋዊ መከላከል ይባላል አንቀጽ 78። ልዩነቱ ቀላል ነው፣ መከላከል ላይ የምትጎዱት ያጠቃችሁን ሰው ነው፣ የችግር ሁኔታ ላይ ግን የምትጎዱት ምንም ያላጠፋ ሰው ነው፣ ለምሳሌ አጥሩን ያፈረሳችሁበት ጎረቤት። ብዙ ሰው ሁሉንም ቀላቅሎ «ራሴን ለመከላከል ነው» ይልና ዳኛው «ማን አጠቃህ?» ሲለው መልስ ያጣል።

ሰው ሲያስገድዳችሁ

አንቀጽ 71 ላይ ሁለት ዓይነት መገደድ አለ፣ ልዩነታቸውን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ የሕግ ተማሪም ጭምር። አንዱ አካላዊ ነው፣ ማለትም ሰውነታችሁ ራሱ እንደ ዕቃ ተጠቅመውበት ማለት ነው፣ እጃችሁን ጠምዝዘው ጣታችሁን ሰነድ ላይ ቢያስረግጧችሁ፣ ወይ ገፍተው ሰው ላይ ቢጥሏችሁ። ይሄ ልትቋቋሙት የማትችሉት ከሆነ ቅጣት የለም አለቀ፣ ተጠያቂው ያስገደደው ሰውዬ ነው፣ እሱ በአንቀጽ 32 መሠረት እንደ ዋና ወንጀል አድራጊ ይቆጠራል። ሁለተኛው የሞራል መገደድ የሚሉት ነው፣ ማለትም ዛቻ። ሽጉጥ ግንባር ላይ ተደግኖ «ንዳ!» ሲባል፣ «ልጅህ እኛ ጋ ናት» ሲባል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ሽጉጥ ከተደገነብኝማ በራሱ ነፃ ነኝ ይላል። ሕጉ ግን እንደዛ አይልም፣ ዳኛው ቅጣቱን ያለገደብ (ማለትም ለወንጀሉ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቅጣት በታችም ወርዶ) ሊቀንስ ወይም ጭራሽ ላይቀጣ ይችላል ነው የሚለው። «ይችላል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ ምርጫው የዳኛው ነው፣ ስለዚህ የዛን ሰውዬ አእምሮ በማስረጃ ማሳመን አለባችሁ ማለት ነው፣ ዝም ብሎ የሚወርድ መብት አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ማታ ሦስት ሰዎች ይሳፈሩና መሀል መንገድ ላይ ቢላ አውጥተው እዚህ ቤት በር ላይ ቁም፣ ሞተሩን አታጥፋ ይሉታል፣ ሁለቱ ገብተው ዘርፈው ሲወጡ አንዱ ቢላውን ይዞ አጠገቡ ቁጭ ብሏል፣ ከዛ ይዟቸው ይሄዳል። ይሄ ሰው ጥሩ መከራከሪያ አለው። አሁን ነገሩን ትንሽ እንቀይረው፣ ሦስቱም ወርደው ገቡ፣ ማንም አጠገቡ የለም፣ ባጃጁ በእጁ ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ እሱ ግን አስር ደቂቃ ሙሉ ጠብቋቸው ይዟቸው ሄደ፣ በማግስቱም ለፖሊስ አልተናገረም፣ ጭራሽ ከዘረፋው ላይ ለነዳጅ ብለው የሰጡትን ብር ተቀብሏል። ይሄኛው ሰውዬ በእውነት ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን አቃቤ ሕጉ የሚጠይቀው ጥያቄ ከወዲሁ ይታወቃል፣ ለምን አልሄድክም? ብሩንስ ለምን ተቀበልክ? ለዚህ ነው አንቀጽ 72 የተጻፈው፣ መቋቋም ወይ ማምለጥ የሚቻል መገደድ ከሆነ ሰውየው በመርሕ ደረጃ ይቀጣል፣ ሆኖም ሁኔታው ካሳመነ ዳኛው ቅጣቱን ያለገደብ ሊቀንስ ይችላል። ዳኛው እንዲመዝን የታዘዘው ደሞ የማስገደዱን ዓይነትና ክብደት፣ የሁለቱን ሰዎች የጉልበት፣ የዕድሜ እና የጥገኝነት ግንኙነት ነው። ይሄ ትልቅ በር ነው እና ሰው አይጠቀምበትም። የ16 ዓመት የቤት ሠራተኛ አሰሪዋ «ይሄን ዕቃ ደብቂ» ብትላት እና የ40 ዓመት ነጋዴ ጓደኛው «ይሄን ዕቃ ደብቅልኝ» ቢለው እኩል አይታዩም፣ ልጅቷ የምትበላውም የምታድረውም እዛው ቤት ነው፣ እምቢ ብትል የምትሄድበት የላትም። ባልና ሚስት መሀልም እንደዛው፣ ዓመት ሙሉ ስትደበደብ የኖረች ሴት «ባሌ አዞኝ ነው» ስትል ያንን የድብደባ ታሪክ ማምጣት አለባት እንጂ የዛን ቀኑን ብቻ ካወራች ዳኛው ከምን ጋር አገናዝቦ ይወስናል?

አለቃ አዞኝ ነው

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ሰው የሚታሰርበት ይሄ ይመስለኛል፣ ሽጉጥ ሳይሆን ቢሮ። የሂሳብ ሠራተኛው ያልተገዛ ዕቃ እንደተገዛ አድርጎ ቫውቸር ይፈርማል፣ ገንዘብ ያዡ ደጋፊ ሰነድ ሳይኖር ይከፍላል፣ የንብረት ክፍሉ ያልገባውን ዕቃ ገብቷል ብሎ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆርጣል፣ ሁሉም ሲጠየቁ «ኃላፊው በቃል አዞኝ ነው» ነው። ኃላፊው ደሞ በበኩሉ «ኧረ እኔ አላልኩም» ይላል፣ በቃ።

ሕጉ ምን ይላል፦ ስልጣን ያለው አለቃ በግልጽ ያዘዘው ከሆነና የተፈጸመው ነገር ወንጀል ከሆነ ያዘዘው ሰው ተጠያቂ ነው። የታዘዘው ሰው ግን ትዕዛዙ ሕገወጥ መሆኑን ካወቀ እሱም ይጠየቃል፣ በተለይ ነገሩ ሰው መግደል፣ ማቃጠል ወይ ሌላ ከባድ ወንጀል ከሆነ «አላወቅኩም» የሚለውን ማንም አይሰማም። እንደዛም ሆኖ በዲሲፕሊን ግዴታ ስሜት ተነሳስቶ ከሆነ ዳኛው ያለገደብ ሊቀንስለት ይችላል፣ የመንግሥት ወይ የወታደር ዲሲፕሊን በጣም ጥብቅ ሆኖ ትዕዛዙን ሊወያይበት የማይችልበትና ከዛ ውጪ ምንም ሊያደርግ የማይችልበት ሁኔታ ከነበረ ደሞ ላይቀጣውም ይችላል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሚያወራው ስለ አስተዳደርና ወታደር እርከን ነው፣ የግል ድርጅት ውስጥ ያለ «ቦስ» ከዚህ ይልቅ የሚገባው ወደ አንቀጽ 72 ነው፣ ከስራ እንባረራለሁ ብሎ መፍራት ደሞ ብቻውን ማንንም ነፃ አውጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ቅጣት ማቅለያ ግን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቢሮ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ነገሩ ሳይመጣ በፊት የምታደርጉት ነገር በኋላ ከምትከራከሩት አስር እጥፍ ይበልጣል። በቃል ስትታዘዙ በጽሑፍ ጠይቁ፣ «ጌታዬ በዛሬው ዕለት በቃል እንዳዘዙኝ ለዚህ ድርጅት ይህን ያህል እንድከፍል፣ ደጋፊ ሰነድ ግን ስላልተያያዘ መመሪያ ይስጡኝ» ብላችሁ አጭር ማስታወሻ ጻፉ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር አስወጡ፣ ኮፒውን ያዙ። አለቃው ብዙ ጊዜ እዛው ጋ ያፈገፍጋል። ካላፈገፈገ ደሞ ማስታወሻው ይመሰክርላችኋል። ጨዋነት አይደለም ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ማስታወሻውን በአክብሮት ቋንቋ ነው የምትጽፉት፣ አቶ እገሌ፣ ወይዘሮ እገሊት ብላችሁ፣ ሰላማዊ ነገር ነው። እምቢ ማለት የማትችሉ ከሆነ ቢያንስ ለውስጥ ኦዲት ወይ ለሥነ ምግባር ክፍል ግልባጭ አድርጉ።

ወታደርን በተመለከተ ከውጭ አገር አንድ የምጠቅሰው አለ፣ ክርክሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለሚያሳይ። በ1995 በፈረንጆች በቦስኒያ ስሬብሬኒጻ እልቂት ጊዜ ድራዠን ኤርዴሞቪች የሚባል ወታደር ሰው በሚረሸንበት እርሻ ላይ ተኩስ ተባለ፣ እምቢ ስል ካዘንክላቸው አብረሃቸው ተሰለፍ አሉኝ ብሎ ራሱ ተናገረ፣ ተኮሰ። የዩጎዝላቪያ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይግባኝ ችሎት በ1997 በ3 ለ2 ድምጽ ንጹሐንን የገደለ ወታደር በመገደድ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሊወጣ አይችልም አለ፣ ግን ቅጣት ላይ ታየለት፣ መጀመሪያ የተፈረደበት 10 ዓመት በኋላ ወደ 5 ወረደ። ሁለት ዳኞች መቃወማቸውን አትርሱ፣ ዳኞችም ራሳቸው አልተስማሙበትም።

ሁኔታው ሲያስገድዳችሁ

አሁን ወደ አንቀጽ 75። የሕጉ ሐሳብ እንዲህ ነው፣ የራሳችሁን ወይም የሌላ ሰው መብት (ሕይወት፣ አካል፣ ንብረት) ከደረሰበትና ከባድ ከሆነ አደጋ ለማዳን ስትሉ ያደረጋችሁት ነገር አደጋውን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል ከነበረ አያስቀጣም። «የሌላ ሰው» የሚለው በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም። እንደውም አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ ዝም ማለት ራሱ በአንቀጽ 575 ወንጀል ነው፣ ስለዚህ ሕጉ አንድ እጁ እርዳ ብሎ ሌላው እጁ ስለረዳህ እንዳይቀጣህ ነው።

ግን እያንዳንዷ ቃል ትመዘናለች። «የደረሰ» ማለት አሁን ማለት ነው፣ የዛሬ ወር ሊሆን የሚችል ነገር አይደለም። ጎረቤት ቤት ጋዝ ሸቶ ልጅ እያለቀሰ በር ብትሰብሩ የደረሰ ነው። የኪራይ ቤቴን ሊያስለቅቁኝ ነው ብላችሁ ሰነድ ፎርጅድ ብታሰሩ አይደለም፣ ክፍለ ከተማም ፍርድ ቤትም አለ። «ከባድ» ማለትም የታወቀ ነው። «በሌላ መንገድ የማይቻል» የሚለው ላይ ግን አብዛኛው ክርክር ይወድቃል። ምጥ የያዛት ሴት ይዞ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የነዳ ሰው አምቡላንስ ደውሎ ነበር? 907 ላይ ቀይ መስቀል ጋ ሞክሮ ነበር? ጎረቤት መኪና ያለው ሰው አልነበረም? ሌሊት 8 ሰዓት ነበር፣ ደውለው አላነሱም፣ ጎረቤት የለም ካለና የስልኩ የጥሪ መዝገብ ላይ ጥሪዎቹ ካሉ እሱ ሰው ደህና ነው። ምንም ሳይሞክር ቀጥታ ቁልፍ አንስቶ ከነዳ ግን ዳኛው ያመነታል።

ረሃብስ? ሁሌ የሚጠየቅ ነገር ነው፣ «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይባል የለ። ርቦት ዳቦ የሰረቀ ሰው በጽሑፉ ደረጃ አንቀጽ 75ን ሊጠቅስ ይችላል፣ ረሃብ ሕይወትን የሚነካ አደጋ ነው፣ ግን ከተማ ውስጥ ለምኖ መብላት ይቻል ነበር የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፣ እኔ በበኩሌ ይሄ ጥያቄ ጨካኝ ይመስለኛል ግን ይመጣል። ስለዚህ የረሃብ ጉዳይ ላይ የተሻለው መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ ቅጣት ማቅለያ መሄድ ነው፣ አንቀጽ 82 ላይ በከባድ የኑሮ ችግር ወይ የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ፣ ወይም በከባድ ዛቻ ፍርሃት፣ ወይም ሊታዘዘው በሚገባው ወይ በሚተዳደርበት ሰው ተጽዕኖ ሆኖ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል ተብሎ ተጽፏል።

ሁለት ማጥመጃዎች አሉ። አንዱ ሙያ ነው፦ ሕይወትና ጤናን የመጠበቅ ልዩ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ እንደ ሐኪም፣ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የራሱን ነፍስ ለማዳን ሲል የሸሸበትን ነገር በዚህ አንቀጽ ሊሸፍን አይችልም፣ ስራው ራሱ ያ ነው። ሁለተኛው ደሞ አደጋው ውስጥ የከተታችሁ የራሳችሁ ጥፋት መሆኑ ነው። ሰክሮ እየነዳ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳው ሰው ላይ እንዳይሄድ ብሎ የሰው ሱቅ ውስጥ የገባ ሰው፣ የመረጠው ጉዳት ትንሹን ነው ጎበዝ፣ ግን እዛ ያደረሰው መጠጡ ነው፣ ስለዚህ ወደ አንቀጽ 76 ይወርዳል፣ እዛ ነፃ መውጣት ሳይሆን ያለገደብ መቀነስ ነው ያለው። ከሚያስፈልገው በላይ ጉዳት ያደረሰም እዛው ነው፣ አጥር ማፍረስ ሲበቃ ቤቱን ያፈረሰ።

ነፍስ ማጥፋትስ ለማዳን ሲባል? እንግሊዞች በ1884 መርከባቸው ሰጥማ ጀልባ ላይ በረሃብ ሲያልቁ የመርከቡን ወጣት ልጅ ገድለው የበሉ ሁለት ሰዎች ላይ ሞት ፈርደው በኋላ ወደ 6 ወር እስር ቀየሩት፣ ለነሱ ችግር ግድያን አያስፈቅድም። የኛ አንቀጽ 75 ግን «ከግድያ በቀር» ብሎ በግልጽ አልጻፈም፣ እንደዛም ሆኖ የአንዱን ነፍስ በሌላው ነፍስ ለውጫለሁ ብሎ ዳኛን ማሳመን እጅግ ከባድ ነው፣ በዛ ላይ አትተማመኑ። ሕጉ ራሱ በግልጽ የችግር ሁኔታን የጠራበት ቦታ ግን አለ፣ አንቀጽ 551፣ ሌላ መንገድ የሌለው ከባድና የደረሰ አደጋን ለማስቀረት በአስቸኳይ የተደረገ የጽንስ ማቋረጥ በአንቀጽ 75 መሠረት አያስቀጣም ይላል። ከሱ በፊት ያለው 550 ደሞ በከፋ ድህነት ምክንያት ከሆነ ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀል ያዛል፣ «ይችላል» ሳይሆን ያዛል።

እሺ ከዛስ ምን ላድርግ

ከሁሉም በፊት፣ ከማስገደዱ እንደተለቀቃችሁ ወዲያው ተናገሩ። በዚያው ቀን፣ ቢቻል በዚያው ሰዓት። ዳኛ ፊት ከምትናገሩት ሁሉ በላይ የሚያሳምነው ይሄ ነው፣ የፈራ ሰው ፍርሃቱ ሲለቀው ይጮሃል፣ የተስማማ ሰው ዝም ይላል፣ አቃቤ ሕግም ዳኛም የሚያስቡት በዚህ መንገድ ነው። ፖሊስ ጋ መሄድ ካስፈራችሁ (ዛቻው አሁንም ካለ ማለቴ ነው) ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ለወንድም፣ ለንስሐ አባት፣ ለመስጂዱ ኢማም፣ ለእድር ዳኛ፣ ማታውኑ የተነገረው ሰው በኋላ ምስክር ይሆናል። ተደብድባችሁ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱና የሕክምና ማስረጃ ይጻፍላችሁ፣ ሳምንት ቆይታችሁ ብትሄዱ ቁስሉ ይድናል ማስረጃውም አብሮ ይድናል። የዛቻ ሜሴጅ፣ የቴሌግራም ቮይስ፣ የተደወለበት ቁጥር፣ ምንም አታጥፉ፣ ስክሪንሾት ብቻ ሳይሆን ስልኩን ራሱን ጠብቁት፣ ምክንያቱም ስክሪንሾት ተቀነባበረ ሊባል ይችላል። የጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከቴሌ ሊመጣ ስለሚችል ቀንና ሰዓቱን ጻፉ። አካባቢው ላይ ካሜራ ያለው ሱቅ ወይ ባንክ ካለ ቶሎ ይጠየቅ፣ ካሜራ በላዩ ላይ እየቀዳ የድሮውን ያጠፋዋል።

ከታሰራችሁ ደሞ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለመናገር መብት አላችሁ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አላችሁ፣ ተገዳችሁ የሰጣችሁት የእምነት ቃል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ያለመናገር መብት ቢኖርም ግን ግማሽ ተናግሮ ግማሽ መተው አደጋ ነው። «አዎ ነድቻለሁ» ብላችሁ ቢላውን ሳትናገሩ ከፈረማችሁ፣ ከሁለት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ቢላው ብቅ ሲል «አሁን የፈጠርከው ነው» ትባላላችሁ። ስለዚህ ወይ ጠበቃ እስኪመጣ ዝም፣ ወይ ሙሉውን። መርማሪው ቃላችሁን ሲጽፍ «ተገድጄ» የሚለው ካልገባ አትፈርሙ፣ ይጨመርልኝ በሉ፣ በትህትና ግን በጽናት፣ «ወንድሜ ይቺን ደሞ ብትጽፍልኝ» ይባላል። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፣ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ይነበብልኝ በሉ።

ፍርድ ቤት ላይ ደሞ አንድ ደቂቃ አለች፣ ብዙ ሰው የሚበላሽባት። ክሱ ከተነበበ በኋላ ዳኛው ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ፣ ጥፋተኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የኛ ሰው ዳኛ ሲያይ ይሸማቀቃል፣ ያጠፋውን ማመን ደሞ ደግነት ይመስለዋል፣ «አዎ ክቡር ፍርድ ቤት አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ይላል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 134 መሠረት ክሱን ሙሉ በሙሉ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ያመነ ሰው እዛው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል፣ ስለ ማስገደዱ የሚያወራው ከዛ በኋላ ለቅጣት ማቅለያ ብቻ ይሆናል። አንቀጽ 133 ደሞ እያመነ ግን ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠ ሰው እንደካደ ተቆጥሮ ክርክሩ እንዲቀጥል ያደርጋል። ስለዚህ መልሱ «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ነገር ግን ሕይወቴን በሚያሰጋ ዛቻ ተገድጄ ስለሆነ ጥፋተኛ አይደለሁም» ነው። ይቺን አረፍተ ነገር የታሰረ ዘመድ ያላችሁ አስጠኑት፣ ቀልድ አይደለም።

ከዛ የአቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ (ማለትም በእናንተ በኩል ሲጠየቁ) ብዙ ጥሩ ነገር የሚገኘው ከነሱ ነው፣ «ሹፌሩ አጠገብ ሰው ነበር? ምን ይዞ ነበር? ሹፌሩ ሲናገር ሰምተሃል?»። ፍርድ ቤቱ ተከላከል ካለ ነው የእናንተ ተራ። ምስክር ስትመርጡ ስለ ጸባያችሁ የሚያወራ («ጨዋ ልጅ ነው ከልጅነቱ አውቀዋለሁ») ሳይሆን ስለ ማስገደዱ ያየ ወይ የሰማ ይሁን። የጸባይ ምስክር ቅጣት ላይ ይጠቅማል፣ ለመከላከያ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጠበቃችሁ ደሞ በአማራጭ እንዲከራከር ጠይቁት፣ መጀመሪያ አንቀጽ 71፣ ካልሆነ 75፣ ካልሆነ 72 ወይ 76፣ ሁሉም ቢወድቅ 82። አንዱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው አንዱ ሲወድቅ ባዶ እጁን ይቀራል። «ያለገደብ መቀነስ» የሚባለው በአንቀጽ 180 ማለት ዳኛው ለወንጀሉ በተጻፈው ዝቅተኛ ቅጣት አይታሰርም ማለት ነው፣ ስለዚህ በከባድ ክስ ላይ ይሄ ብቻውን የዓመታት ልዩነት ያመጣል።

ለጠበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አለ፣ ዳኛውን በቃል መጠየቅ ይቻላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ ለሴቶች ደሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ይሄ ሁሉ እዛ ቀጥታ አይሰራም፣ በየአገሩ መስፈርቱ ሌላ ነው። አንድ ብቻ ልጥቀስ፣ ድንበር ያለ ወረቀት አቋርጠው ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎችን የ1951 (በፈረንጆች) የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31 በሕገወጥ መግባታቸው ብቻ እንዳይቀጡ ይጠብቃል፣ ሆኖም አደጋ ካለበት ቦታ ቀጥታ የመጡ፣ ሳይዘገዩ ራሳቸውን ለባለሥልጣን ያቀረቡና በቂ ምክንያት ያሳዩ መሆን አለባቸው። እዚህም ያው «ሳይዘገዩ» የምትለዋ መጣች አያችሁ።

በመጨረሻ የሚረሳ ነገር፣ ገንዘቡ። ከወንጀል ነፃ ወጣችሁ ማለት ከካሳ ነፃ ወጣችሁ ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2066 ራስን ወይ ሌላን ለማዳን ብሎ እያወቀ የሌላን ሰው ንብረት የጎዳ ሰው ካሳ እንዲከፍል ያደርጋል። ስለዚህ የጎረቤታችሁን በር ሰብራችሁ ልጁን ካወጣችሁ በኋላ በማግስቱ በሩን የሚሰራ አናጺ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይ ቢያንስ ሽማግሌ ይዛችሁ ስለ በሩ ተነጋገሩ፣ የተስማማችሁበትንም በወረቀት አድርጉት፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በዛቻ ተገዳችሁ የውል ወረቀት ላይ የፈረማችሁ ከሆነ ደሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ በዛው ሕግ ከአንቀጽ 1706 ጀምሮ ያለውን ይዛችሁ ውሉ ይፍረስልኝ ማለት ትችላላችሁ፣ ግን ዛቻው ከቀረ ጀምሮ ባለው 2 ዓመት ውስጥ ክስ ካልመሰረታችሁ መብቱ ያልፋል።